ክኒኗ ሐረር የገባች ሰሞን

ሐረር ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ በር አለው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀጎልን ግንብ ካሠሩ ወዲህ ገበሬው ማሽላውንና እንጨቱን በአህያ ጭኖ በኤረር በር፣ በሰንጋ በር፣ በፈላና በር፣ በቡዳ በር ይገባል፤ ከአዲስ አበባ በኩል የመጣው ደግሞ በሸዋ በር። ማን ምን ይዞ እንደገባ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። አዲስ ዓይነት ሳሙና እንኳ ቢመጣ በማግሥቱ የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ስሙን ይጠሩታል። ክኒኗን ግን ስትገባ ያየ የለም። በሴት ቦርሳ ገባች፤ በነጠላ ጫፍ ተቋጥራ ገባች፤ ከሐኪም ቤት በወረቀት ተጠቅልላ፣ ከደረት ሥር ተወሽቃ ገባች። ማንም ሳይፈትሻት ገብታ የከተማይቱን ኑሮ ከሥሩ ለወጠችው። አቦ፣ እንዴት ያለ ዘመን ነበር!

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ሠፈር ነው፤ ጓደኞቼ ግማሾቹ ከግንቡ ውስጥ፣ ግማሾቹ ከግንቡ ውጭ ነበሩ። ያ ዘመን በተነሣ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲወራ ሐኪሙ ስለ እናት ጤና ይናገራል፣ ባለ ፕላኑ ስለ ሕዝብ ብዛት ይናገራል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ግን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያየሁት ሌላ ነው። ያቺ ክኒን ሴት ልጅ የጀመረችውን እንድትጨርስ አደረገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን፣ ማሰልጠኛን፣ ኮሌጅን፣ የምትወደውን ሥራ! ይህን እያየሁ ያረጀሁ ሰው ደስታዬን እንዴት ልደብቀው?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላን ያላየ ሐረርን አየሁ አይበል! የጦር አካዳሚው እጩ መኮንኖች ልብሳቸውን አስተኩሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ይወርዳሉ። የሚያሠለጥኗቸው የሕንድ መኮንኖች ስለነበሩ ሥርዓታቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ደግሞ የኦክላሆማ ፕሮፌሰሮች ያስተማሯቸው ልጆች ይመጣሉ፤ ስለ ላምና ስለ በቆሎ ሲያወሩ እንኳ ያምርባቸዋል። የመምህራን ማሰልጠኛው ልጆች በኪሳቸው ሳንቲም ባይኖርም በክርክር የሚችላቸው የለም። አፍሮው! ቤልቦተሙ! ሚኒው! ከሻይ ቤቱ የአሊ ቢራ ድምፅ ይወጣል፤ እኛ ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘን እናልፋለን፣ ዞረን እንመለሳለን፣ እንደገና እናልፋለን። ያን ያህል ስንሳሳቅ ዓለም የእኛ ይመስለን ነበር።

ደስታው ግን ለወንዱና ለሴቷ እኩል ዋጋ አልነበረውም። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ አንድ ረድፍ ወንበር ሙሉ ሴቶች ነበርን። ዘጠነኛ ላይ ረድፉ ሳሳ። አሥራ አንደኛ ላይ ተጠጋግተን አንድ ወንበር ላይ የምንበቃ ሆንን። አንዷ ተዳረች። አንዷ «ታማለች» ተብሎ ገጠር ዘመድ ቤት ተላከች፤ ስትመለስ ጀርባዋ ላይ ልጅ ነበር፣ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰችም። በሒሳብ ወንዶቹን ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሆዷ ገፋ ሲል ከመዝገብ ተሰረዘች። ያስረገዛት ልጅ ያንኑ ዓመት ፈተናውን ወስዶ አለፈ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያገባችዋስ? በእኛ ቤት እናቴ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትል ነበር፤ ዕድል ያላደረሳቸው ታናናሾቼ ግን ከመድኃኔዓለም አጥር ግቢ ተቀብረዋል። ጀጎል ውስጥ ያለችው የልብ ጓደኛዬ ታላቅ እህት ስታገባ ሠርጉ ላይ ነበርሁ። ሙሽሮቹ የመጀመሪያ ቀናቸውን የሚያሳልፉባትን ኪርታት የምትባለውን ጠባብ ክፍል በሩቁ አይተን እንደነቅ ነበር። ሙሽራዋ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ለሁለት ጠቅልላ ጉፍታ አሠረች፤ ሴት ሆነች ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። የሚቀጥለው ዓመት ወለደች፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ደብተሮቿን ለታናሽ እህቷ ሰጠቻት፤ ከኋላ ያሉት ባዶ ገጾች ብዙ ነበሩ።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሰሞን ነው ክኒኗን መጀመሪያ ያየናት። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ነበር፤ ሐረርም ደርሷታል። አንዲት ወጣት አስተማሪ ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራይታ ስትኖር እንግሊዝኛ መጽሐፍ እንድታውሰን እየሄድን እዚያው እናነብ ነበር። መደርደሪያዋ ላይ ክብ ነገር አየን፤ የፊት ዱቄት መያዣ መሰለን። ስትከፍተው ዙሪያውን ጥቃቅን ክኒኖች ተደርድረዋል፣ የሳምንቱ ቀናት ተጽፈውባቸዋል። ምን እንደሆነ ስትነግረን አንዳችን በሌላችን ላይ ወድቀን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ጸጥ አልን። ጓደኛዬ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «በቃ? ይህንን የዋጠች ሴት ካልፈለገች አትወልድም?» «አትወልድም፣ በየቀኑ ከዋጠች።» «ስትፈልግስ?» «ትተወዋለች።» ወላሂ፣ ከዚያ ቤት ስንወጣ መሬቱን የረገጥን አልመሰለንም!

የዚያች ክኒን ታሪክ ራሱ የሚያስፈነድቅ ነው፤ መምህርት ነኝና ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሥሯ ሜክሲኮ ነው። በአገራችን ደቡብና ምዕራብ ለሚበላው ቦዬ ዘመድ የሆነ የዱር ሥራ ሥር አለ፤ ራስል ማርከር የተባሉ ኬሚስት ሆርሞንን ከዚያ ሥር በርካሽ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1951 በሜክሲኮ ሲቲ ካርል ጄራሲና ወጣቱ ተማሪ ሉዊስ ሚራሞንቴስ በአፍ የሚዋጥ ሆርሞን ሠሩ። ማርጋሬት ሳንገር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታገሉለት የነበረውን ነገር ግሪጎሪ ፒንከስና ጆን ሮክ ወደ መድኃኒትነት አደረሱት፤ በ1956 ፖርቶ ሪኮ ላይ በሰፊው ተሞከረ፣ በ1960 አሜሪካ ፈቀደችው። የፖርቶ ሪኮ ድሆች ሴቶች ምን እንደሚሞከርባቸው በቅጡ ሳይነገራቸው ነው የተሞከረባቸው፤ ይህም መረሳት የለበትም።

ወጪውን የሸፈኑት ደግሞ ካትሪን ማኮርሚክ የተባሉ ባለጸጋ ሴት ናቸው። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1904 ኤምአይቲ ከተባለው ታላቅ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት በባዮሎጂ ተመርቀዋል። ክኒኗ ከወጣች በኋላ ምን አደረጉ? እዚያው ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች መኖሪያ አሠሩ! በ1963 ተከፈተ። ሴት ልጅ ለመማር ሁለት ነገር ያስፈልጋታል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፤ የምታድርበት አልጋና የማይቋረጥ ዓመት። ኋላ ክላውዲያ ጎልዲንና ሎረንስ ካትዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አሜሪካ ውስጥ ያላገቡ ወጣት ሴቶች ክኒን ማግኘት ሲጀምሩ የጋብቻ ዕድሜያቸው ከፍ እንዳለ፣ ሕግና ሕክምና ለመማር የሚገቡትም እንደበዙ በጥናት አሳዩ። ጎልዲን እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ስለ ሴቶች ሥራ ባደረጉት ምርምር ነው። ዜናውን ስሰማ እኔ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልሁ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የ1949 ዓ.ም. ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ያስቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሲቋቋም አዲስ አበባ ላይ በአንዲት ክፍልና በአንዲት ነርስ ነው የጀመረው። ማስታወቂያ የለ፣ ራዲዮ የለ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የለ። ታዲያ ወሬው ሐረር እንዴት ደረሰ? በሴቶች አፍ! እኛ ከተማ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነገር አለ፤ አፎቻ። የሐረሪ ሴቶች በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ፒተር ኮን እና ሲድኒ ዋልድሮን የተባሉ ተመራማሪዎች አፎቻ ኅብረተሰቡንና አስተዳደሩን የሚያገናኝ ድልድይ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፈዋል። እኔ ግን አስተዳደሩን ትቼ ሌላውን ልናገር፤ ከማሰልጠኛ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነደባ በሚባለው የሐረሪ ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ ቡና ስጠጣ ከሠርግ ዝግጅቱ ወሬ መሃል ድምፅ ዝቅ ይላል፦ «ያቺ ሐኪም ቤት ያለችው ሲስተር ትሰጣለች አሉ።» ከግንቡ ውጭ ደግሞ በማኅበርና በዕድር ቤት ያው ወሬ ይደገማል። አንዷ ለአንዷ፣ አንዷ ለሦስት፣ ሦስቱ ለሠፈር።

የት ትደብቂያታለሽ? ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። የሐረሪን ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሙዳይ፣ በጎድጓዳ ሳህን ያጌጠ ነው፤ አምስቱም ነደባ ለእንግዳ የተገለጠ ነው፤ የሚደበቅበት ጥግ የለም። ታዲያ የጓደኛዬ ታላቅ እህት፣ ያቺ በስምንተኛ ክፍል የተዳረችው፣ የት ደበቀቻት? በዚያው በግድግዳው ላይ! ሰው ሁሉ በሚያያት፣ ራሷ በሰፋቻት ክዳን ባላት ሙዳይ ውስጥ። ባሏ እየገባ እየወጣ በየቀኑ ያያታል። ስትዘነጋስ? ከ80 በላይ መስጊድ ባለበት ከተማ ሰዓት የሚረሳ የለም፤ የኢሻ አዛን ሲሰማ ትውጣለች። ረመዳን ሲሆንም ከኢፍጣር በኋላ ነውና ጾሟን አይነካባትም። ከእኛ ሠፈር የነበሩት ደግሞ በመድኃኔዓለም ደወል ይውጡ ነበር። ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ክኒን!

ፍርሃቱ ግን ቀላል አልነበረም። የእኛ ሰው «ብዙ ተባዙ» የሚለውን ቃል ይጠቅሳል፤ ንስሐ አባት ፊት ለመናገር የምትንቀጠቀጥ ሴት ብዙ ነበረች። ጀጎል ውስጥም እንዲሁ «ሐራም ነው» የሚል ነበር። አንድ ሰሞን ግን አንድ አዛውንት ሼኽ ተጠየቁና ኢማም አል-ገዛሊ ከ900 ዓመት በፊት «ኢሕያ ኡሉም አድ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ባልና ሚስት ፅንስ እንዳይመጣ ቢጠነቀቁ እንደሚፈቀድ መጻፋቸውን፣ የሴቲቱን ጤና መጠበቅንም፣ ከልጅ ብዛት የሚመጣ ችግርን መሸሽንም እንደ በቂ ምክንያት መቀበላቸውን ተናገሩ ተባለ። ወሬው በአንድ ቀን ከአንድ በር እስከ ሌላው በር ዞረ። የከተማችን ሊቃውንት መጽሐፍ ማወቃቸው ያን ጊዜ ስንቷን እፎይ እንዳሰኘ!

የሚያንገበግበው ፈቃዱ ነበር። አንዳንድ ሐኪም ቤት ሴቷ ስትሄድ «ባልሽ ይፍቀድ» ትባላለች። ያላገባችማ ከነጭራሹ አትጠይቅም። ስለዚህ ክኒኗ የመጀመሪያ ዓመታት የኮሌጅ ልጅ አልነበረችም፤ የእናቶች ነበረች። ክኒን ገባችና ካምፓሱ ተለወጠ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ የእኛን አገር አያውቅም። እነ አሜሪካም እንኳ ያላገቡ ሴቶች በመላ አገሪቱ ያለ ክልከላ እንዲያገኙት ፍርድ ቤታቸው የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ለክረምት ስትመጣ የምታወራው ስለ ክኒን ሳይሆን ስለ ቀሚስ ነበር። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ወንድ ተማሪዎች ሚኒ ቀሚስ የምዕራባውያን ባህል ነው ብለው በረበሹት። እርሷ ስትነግረን ዓይኗ ይቀላ ነበር፤ «ስለ ገበሬው ነጻነት የሚፈክረው ልጅ የእኔን ቀሚስ ርዝመት ሊለካ መጣ!» አቤት ያቺ ልጅ ስትናገር!

ግን እናቶቹ ከተማሪዎቹ መቅደማቸው ለተማሪዎቹም ጠቀመ። እንዴት? ክኒን የጀመረች እናት የመጨረሻ ልጇን ጡት ስታስጥል ታላቂቱ ልጅ ሕፃን ታቅፋ ከትምህርት ቤት መቅረቷ ቀረ። ያስተማርኋቸውን ሴቶች ከነእናቶቻቸው አውቃቸው ስለነበር በዓይኔ አይቼዋለሁ። የሙዳይዋ ባለቤት ትልቋ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ የእናቷን የተረፉ ባዶ ገጾች ሞላች!

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ፤ ወንድና ሴት በአንድ ጣቢያ፣ ከወላጅ ዓይን ርቀው፣ በፍቅርና በመፈክር ሰክረው! ክኒን ግን በስንቃቸው ውስጥ አልነበረም። ፅንስ ለማስወረድ እንዶድ የጠጡ ልጆች ነበሩ፤ ከዚያም የባሰ ነገር ያደረጉ። ያልተመለሱም ነበሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገ ጥናት ከእናቶች ሞት ምክንያቶች ቀዳሚው ውርጃ መሆኑን ሲያሳይ ያልተመለሱትን በስም የምናውቀውን እኛን አልገረመንም። ከ1969 ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማችን አፋፍ ድረስ መጣ፤ የመድፍ ድምፅ እየሰማን ባደርንበት ወራት ስለ ክኒን ያወራ የለም። ያን ጊዜ ላይ አልቆይም።

የሚገርማችሁ፣ በ1982 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጠና ከ100 ያገቡ ሴቶች የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 4 ብቻ ሆነው ተገኙ። እኛ የሐረር ሴቶች «ዓለም ሁሉ ይውጣል» ብለን ስናስብ አገሩ ገና ነበር! ከተማና ገጠር ያን ያህል ተራርቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሮጠ። በ1985 ሚያዝያ የሕዝብ ፖሊሲው ወጣ፤ ያንን 4 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 44 ለማድረስ አለመ፤ መከላከያ ማስተዋወቅን የሚከለክለው ሕግ እንዲነሣም አለ። በ1987 ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ጻፈ። በሹክሹክታ የሰማነውን ነገር በነጋሪት ጋዜጣ ሳነብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ተማሪዎቼ ፊት ጮክ ብዬ አነበብሁት።

የራዲዮውንማ አትጠይቁኝ! ከ1994 እስከ 1997 «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሲተላለፍ ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። 257 ክፍል ነበረው። ከማስታወቂያ ይልቅ ታሪክ ሰውን እንደሚለውጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ ባሎች እንኳ ሲከራከሩ ስለ ባሕርያቱ እያነሡ ስለ ራሳቸው ቤት ነበር የሚያወሩት። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች መጡ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ በጠቅላላው ከ30 ሺህ በላይ። የእኔ ተማሪዎች የነበሩ አሉበት። ቦርሳቸውን አንግተው በፀሐይ ሲሄዱ ሳይ መንገድ ላይ አቁሜ እስማቸው ነበር።

ቁጥሩንም ላስቀምጥ፣ ቁጥር ደስ የሚለኝ ጊዜ ይህ ነው፤ ከ100 ያገቡ ሴቶች ተጠቃሚዎቹ በ1992 ዓ.ም. 8 ነበሩ፤ በ1997 ወደ 15፣ በ2003 ወደ 29፣ በ2008 ወደ 36፣ በ2011 ወደ 41 ደረሱ። በ1982 አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ ከ6 ልጅ በላይ ትወልድ ነበር፤ በ2008 ከ5 በታች ሆነ፣ በሐረሪ ክልል 4 ገደማ። ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 871 ነበሩ፤ በ2008 412 ሆኑ። አሁንም ብዙ ነው፣ እጅግ ብዙ ነው። ግን በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉትን ሴቶች አስቡአቸው!

ዛሬስ? ዛሬ የዓለማያ ኮሌጅ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የጤናና ሕክምና ኮሌጁ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የተማሪዎቹ መማሪያ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ሚድዋይፈሪ ትማራለች። እኛ ሴቶች በአንድ ወንበር ላይ እንበቃ ነበር፤ አሁን አሮጌዎቹ ፔዦ 404 ታክሲዎችና ባጃጆች ከግቢው በር ላይ ሲያወርዱ የሚወጣው የሴት ብዛት! ነጭ ጋውን፣ ሒጃብ፣ ሹሩባ፣ ጂንስ፣ ሁሉም ደብተር ይዞ። በተለይ የጀጎል ልጆችን ሳይ፣ ጉፍታዋን ያሠረች ያገባች ልጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን! ማግባት መማርን ማቆም መሆኑ ቀርቷል።

ከእህቴ ልጅ ጋር ግን ስለ ክኒን እንሟገታለን። «አክስቴ፣ አሁን ክኒን ማን ይውጣል? መርፌ አለ፣ ክንድ ላይ የሚቀበር አለ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ በ2008ቱ ጥናት ካገቡት ሴቶች 23 በመቶው መርፌ፣ 8 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን ሲጠቀሙ ክኒን የያዙት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ፈተና ሰሞን ምሳ መብላት የሚረሳ ሰው ክኒን ያስታውሳል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔ ግን ክኒኗን እወዳታለሁ። 21 ነጫጮችና 7 ቡናማዎች፤ ቡናማዎቹ ብረት ናቸው፣ የወር አበባ ሲፈስስ ደም የሚተኩ። የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ክኒን 10 ሚሊ ግራም ሆርሞን ነበረባት፤ የዛሬዋ 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላትም። ከሁሉ በላይ የምትጀምሪውም የምትተዪውም አንቺ ነሽ። በክንድ የተቀበረውን ለማውጣት ሲስተር ትፈልጊያለሽ፤ ክኒን ለማቆም የማንንም ደጅ አትጠኚም። ባል ይፍቀድ በተባልንበት ዘመን ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ፖስት ፒል ነው፤ አልደብቅም። ለድንገተኛ ጊዜ የተሠራ ነው፤ በቶሎ በተወሰደ መጠን ይሠራል፣ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ይባላል። ለስንቷ ልጅ ዓመቷን አተረፈላት! ግን በየሳምንቱ እንደ ልማድ የሚወስዱት እንዳሉ የእህቴ ልጅ ትነግረኛለች። ለዚያ አልተሠራም፤ እንደ ዘወትሩ መከላከያ አስተማማኝ አይደለም። ኤችአይቪንም አይከላከልም፤ ክኒኗም ብትሆን አትከላከልም፣ ኮንዶም ነው የሚከላከለው። ልጆቼ፣ በየወሩ ከምትጨነቁ ክሊኒክ ሂዱና የሚስማማችሁን ምረጡ። አሁን ማንም «ባልሽ ይምጣ» አይላችሁም።

በዚህ ዓመት የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ ለአዲስ ገቢ ሴት ተማሪዎች ውይይት አዘጋጅተው እኔን ጠሩኝ። ክፍሉ ጢም ብሏል፤ መስኮት ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ስለ ሙዳይዋ፣ ስለ ኢሻ አዛን፣ ስለ ፈረስ መጋላ ቅዳሜ ነገርኋቸው፤ ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ጠየቁ። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች የጀጎል ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ እርስዎስ ስንት ወለዱ?»

«ሦስት» አልሁ። «ሦስቱንም በክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ! መስከረም ላይ ለአራስነት ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም፤ ጠመኔዬን ይዤ ክፍል ውስጥ ነበርሁ።»

እልልታው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ያሉትን ባለ ባጃጆች አስቆመ።